ከነበትሩ ገደል ያልገባው እባብ፦ የባሌው እፉኝትና የአገራችን ተሳቢዎች መዝገብ

«እባብን ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» ይላል የአገራችን ሰው። እባቡ መሞቱ አይበቃም። የመታው ዱላ ራሱ አብሮት መጣል አለበት። ልጅ ሳለሁ ይህ ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤት ተጯጩሆ ይሰበሰባል፣ አንዱ ደፋር ይመታል፣ ከዚያ በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ወስዶ ገደል ይሰደዋል። «እሰይ፣ ተገላገልን!» ይባላል። «ለመሆኑ ምን ዓይነት እባብ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። እባብ እባብ ነው፣ በቃ።

ዛሬ የምጽፈው ገደል ስላልገባች አንዲት እባብ ነው። የተገኘችው ከባሌ አካባቢ ነው። የተያዘችው ምናልባት በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ሰው ሬሳዋን ከመጣል ይልቅ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የራሷ ስም ሳይወጣላት ኖረች፤ በመሐሉም በሌላ እባብ ስም ተጠራች። በ2016 የራሷ ስም ወጣላት፦ ቢቲስ ሐረና። ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ሆነች። አዲስ የሆነው እንግዲህ ስሙ እንጂ እባቧ አይደለችም። እሷማ ከብዙዎቻችን በፊት ጠርሙስ ውስጥ ገብታ ነበር።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። የአንድ አገር እንቁራሪቶች፣ እባቦች፣ እንሽላሊቶችና እስስቶች እንዴት እንደሚመዘገቡ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ሰው አዲስ ዝርያ ተገኘ ሲባል የሚታየው ጫካ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ግኝቱ የሚደረገው መደርደሪያ ሥር፣ በመብራት፣ በአጉሊ መነጽርና በቀጭን መቆንጠጫ ነው።

እፉኝት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ላስታውስ። ቢቲስ የሚባለው ወገን የአፍሪካ ወፋፍራም እፉኝቶች ወገን ነው። በቆላው በየቦታው ተጋድሞ የሚገኘው፣ ሲቆጣ ሰውነቱን ነፍቶ «ፍፍፍ» የሚለው እባብ ከዚሁ ወገን ነው። «የእፉኝት ልጅ» የሚለው ስድባችን ልጆቿ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ ከሚለው እምነት የመጣ ነው። ሆድ መቅደዱ እውነት አይደለም። ነገር ግን እነዚህ እፉኝቶች እንቁላል አይጥሉም፣ ልጅ ይወልዳሉ። ሞታ የተከፈተች እናት ሆድ ውስጥ ሕያው ልጆች ያየ ሰው እንደዚያ ቢል አይፈረድበትም። እንዲያውም ያ ሰው አስተውሎ አይቷል ማለት ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቦን ከተማ በሚገኘው የአሌክሳንደር ኬኒግ ሙዚየም የሚሠራው ቮልፍጋንግ ቦሜ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከቡናው አገር፣ የመጣ አንድ እፉኝት አጠና። እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበረው ዝርያ ነው። ቢቲስ ፓርቪኦኩላ አለው፣ በላቲን «ትንሽ ዓይን» እንደማለት ነው። ደጋማውን ጫካ የሚወድ፣ ጥቁርና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ በጣም የሚያምር እባብ ነው። ያየው ሳይንቲስት ጥቂት ነበር። ጠርሙስ ውስጥ የገባው ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ አይተህ ስለ ቤተሰቡ ሁሉ መልክ መናገር ትችላለህ? አንዱ ጠይም፣ ሌላው ቀይ ዳማ፣ አንዱ ረጅም፣ ሌላው ድንክ ሊሆን ይችላል። ስለ ፓርቪኦኩላም የሚታወቀው ያን ያህል ነበር። ስለዚህ ከባሌ አካባቢ የመጣችው እባብ ስትታይ፣ ትልቅ ናት፣ የደጋ እፉኝት ናት፣ ትመሳሰላለች ተባለና በዚያው ስም ተመዘገበች። ራሷ ላይ ያለው ምልክት ትንሽ ለየት ያለ ነው። ይሁን፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት ይኖራል ቢባል ማን ይከራከራል? ማወዳደሪያ የለማ።

እኔ ይህን ስህተት አልለውም። ባለሙያው ያን ጊዜ በእጁ ባለው ማስረጃ የወሰደው ውሳኔ ነው። የሙዚየም ትልቁ ነገር ውሳኔው ሲቀየር ማስረጃው እዚያው መገኘቱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ተጨማሪ ፓርቪኦኩላዎች ተገኙ። አሁን መልካቸው ምን ያህል እንደሚለያይ ማየት ተቻለ። ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራው ዴቪድ ጋወርና ባልደረቦቹ እንደገና ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ። የፓርቪኦኩላ ራስ ከላይ ሲታይ ከኋላ በኩል ፈዛዛ ምልክት አለው። ቅርጹ ቢራቢሮ ይመስላል፣ ሁለት ክንፍ የዘረጋ። ከባሌ የመጣችው ግን ቢራቢሮ የላትም። በእሷ ራስ ላይ ያለው ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ፣ ቀጭን፣ መሐሉ ያልተከፈለ ፈዛዛ መስመር ነው። አንድ ሁለት ተብሎ ሊዘለል የሚችል ነገር ይመስላል። ሆኖም የተገኙት ፓርቪኦኩላዎች ቢራቢሮ ሲኖራቸው አንዷ ብቻ መስመር ካላት፣ የቅርፊቷ ነገርም ከተጨመረበት፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረ። በ2013 በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሐረና ጫካ አካባቢ፣ አንድ ሙሉ ያደገ ሕያው እፉኝት ታየና ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ላይ ራሱ ላይ ያለው ምንድን ነው? ያው ቀጭን መስመር። አልኮል ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየ እባብ ቀለሙ ይጠፋል። ቢጫው መጀመሪያ ይሄዳል፣ አረንጓዴው ይገረጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም ወደ ቡኒና ግራጫ ይሆናል። የምልክቱ ቅርጽ ግን ይቀራል። ስለዚህ ጠርሙሷ ቅርጹን ያዘች፣ ፎቶው ቀለሙን አመጣ። ሁለቱ ተገናኙ።

በ2016 ጽሑፉ ሲወጣ ከደራሲዎቹ አንዱ ቮልፍጋንግ ቦሜ ነበር። ልብ በሉ፣ ፓርቪኦኩላን የሰየመው ሰው ራሱ ነው። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በእሱ ስያሜ ሥር ከነበሩት አንዷ የእሱ ዝርያ እንዳልሆነች መስክሮ ፈረመ። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ሳይንስ ሲባል በአፍ የምንለው ነገር በተግባር እንዲህ ነው።

ያቺ ጠርሙስ ውስጥ ያለችው እባብ አሁን ሆሎታይፕ ትባላለች። የስሙ ምስክር ማለት ነው። ወደፊት ማንም ሰው «ቢቲስ ሐረና ማለት የትኛው ነው?» ብሎ ቢከራከር፣ ክርክሩ የሚያልቀው እሷን አውጥቶ በማየት ነው። እንደ ድሮ የመሬት ወሰን ድንጋይ ቁጠሯት። ድንጋዩ ከተነቀለ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ላይ ልቁም። «ምናልባት» የምትለዋ። የተያዘችው «ምናልባት በ1960ዎቹ መጨረሻ» ነው የተባለው። ቀኑ በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ «ምናልባት» አያስፈልግም ነበር። ቦታውም «የባሌ አካባቢ» ነው። ባሌ ደግሞ ሰፊ ነው። ሳነቲ ላይ ቆመህ ወደ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ በብርድ ትንቀጠቀጣለህ። መኪናው ወደ ደሎ መና አቅጣጫ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ አስታው ይመጣል፣ ከዚያ ሪራ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለው የሐረና ጫካ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የጫካ ቡና። በጥቂት ሰዓት መንገድ አራት አምስት ዓይነት አገር ታልፋለህ። እባቧ ከየትኛው ነው የመጣችው? ይህን የሚመልሰው ከአንገቷ ወይም ከወገቧ ላይ በክር የታሰረ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነበር።

ስለዚህች ወረቀት ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም የሙዚየም ሥራ ነፍሱ እሷ ናት።

አንድ እንቁራሪት ወይም እባብ ለሙዚየም ሲዘጋጅ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንዳይሠቃይ ተደርጎ ይሞታል። ከዚያ ከጉበቱ ወይም ከጭኑ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ንጹሕ አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ይቀመጣል፣ ለዲኤንኤ። ቀጥሎ ገላው በሳህን ላይ ይስተካከላል። የእንቁራሪት ጣቶች ተዘርግተው፣ እባብ ደግሞ ተጠቅልሎ። አንዴ ከደረቀ መልሶ ማስተካከል አይቻልምና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዚያ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ቀናት ቆይቶ በውሃ ይታጠብና ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወራል። ቤቱ ከዚያ በኋላ ያ ነው።

ወረቀቷ የምትታሰረው ገና መጀመሪያ ላይ ነው። የማይቀደድ ወረቀት፣ አልኮል የማያጠፋው ቀለም ወይም እርሳስ፣ የጥጥ ክር። ቁጥር ይጻፍባታል። ያው ቁጥር በመስክ ደብተርና በሙዚየሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቦታው የት ነው? ከፍታው ስንት ነው? መቼ? ማን ያዘው? ወንዝ ዳር ነው ወይስ እንጨት ሥር? በሕይወት እያለ ቀለሙ ምን ይመስል ነበር? ያለ ወረቀት እባቡ የሞተ እባብ ነው፣ ሌላ ምንም። ከነወረቀቱ ግን ማስረጃ ይሆናል። የእኛ ተረት እባቡን ከነበትሩ ጣለው ይላል። ሙዚየም ደግሞ እባቡን ከነወረቀቱ አስቀምጠው ነው የሚለው።

አሁን ከአንድ እባብ ወጥተን የአገሩን ሁሉ መዝገብ እንይ። ኢትዮጵያ ከ60 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎችና ከ200 በላይ ተሳቢዎች አሏት። ከእንቁራሪቶቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሌላ የትም የሉም። ይህን ቁጥር ዛሬ በአንድ ትንፋሽ የምንናገረው ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ስለለፉበት ነው። ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሣው ማልኮም ላርገን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ ኋላም በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ሙዚየም የሠራ ሰው ነው።

የእሱ ሥራ ጀብዱ አይመስልም። በየሙዚየሙ እየዞረ ከኢትዮጵያ የሄደውን ጠርሙስ ሁሉ አየ። በ1993 ከዴንማርኩ የንስ ራስሙሰን ጋር የእባቦቹን ካታሎግ አወጣ። በ1997 የኤርትራን ለብቻ። በ2001 የእንቁራሪቶቹን። በ2006 ከስቲቨን ስፓውልስ ጋር የእንሽላሊቶቹን። በ2010 ደግሞ ሁለቱ ሆነው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ሁሉ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰቡ። እያንዳንዱ ካታሎግ መለያ ቁልፍ አለው። በእጅህ ያለውን እንስሳ ይዘህ «ቅርፊቱ ስንት ረድፍ ነው?» «ጣቱ መሐል ቆዳ አለ?» እያልክ እስከ ስሙ ድረስ የሚወስድህ።

የእንሽላሊቶቹ ሥራ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ። የቦታ ስም ማውጫ። ምን ያደርጋል እንዳትሉ! የድሮ ተጓዦች ከጆሯቸው እንደገባላቸው ነበር የሚጽፉት። ጀርመኑ በጀርመንኛ ፊደል፣ ጣሊያኑ በጣሊያንኛ፣ እንግሊዙ በእንግሊዝኛ። አንዱ መንደር ሦስት ስም ይኖረዋል። ደግሞ እኛው ራሳችን እንቀይራለን። አዳማ ናዝሬት ሆና ተመልሳ አዳማ ሆነች፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላ ተመልሳ ቢሾፍቱ። ያን ሁሉ ሳታጠራ ካርታ ላይ ነጥብ ብታስቀምጥ፣ የቆላውን እንሽላሊት ደጋ ላይ ታወጣዋለህ። ይህን ያጠራ ሰው ቁጭ ብሎ ስንት ካርታ እንዳገላበጠ አስቡት።

ጠርሙሶቹ ለምን በየአገሩ ተበተኑ? ታሪካችን እንደዚያ ስለሆነ። በ1830ዎቹ ሩፔል ከፍራንክፈርት መጥቶ ሰበሰበ፣ ስብስቡ ወደዚያው ሄደ። በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ተመራማሪ አብሮ መጥቶ እንስሳ ይሰበስብ ነበር። ቴዎድሮስ በሞቱበት ዘመቻ እንሽላሊትም ተሰብስቧል ማለት ነው። በ1890ዎቹ የቦቴጎ ስብስብ ወደ ጄኖዋ ሄደ። ኤርላንገርና ኖይማን በ1900 ገደማ ሐረርጌንና ደቡቡን ዞረው የሰበሰቡት ወደ ጀርመን። በ1926 እና 1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን መጣ፣ በዚያው ወቅት እንግሊዞችም መጥተው ሰበሰቡ። እንግዲህ የአንድ ደጋ እንቁራሪት ለማጥናት በርሊን፣ ለንደን፣ ጄኖዋና ቺካጎ መሄድ ግድ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ግን የት ይሄዳል?

ከእነዚህ ውስጥ የኤርላንገርና የኖይማን እንቁራሪቶች ነገር የተለየ ነው። ኤርላንገር በ1904 በመኪና አደጋ በወጣትነቱ ሞተ። እንቁራሪቶቹ ጠርሙስ ውስጥ ቆዩ። በ1924 ኤርንስት አል የሚባል የበርሊን ባለሙያ ሁለቱን በሁለቱ ተጓዦች ስም ሰየማቸው፦ ፕቲካዴና ኤርላንገሪ እና ፕቲካዴና ኖይማኒ ተብለው ነው ዛሬ የሚጠሩት። ሁለቱም የደጋ ሣር ውስጥ የሚዘሉ፣ ሹል አፍንጫና ረጅም እግር ያላቸው ትንንሽ እንቁራሪቶች ናቸው። ክረምት ላይ እርጥብ መስክ ውስጥ ስትሄድ ከእግርህ ሥር ጢብ ብለው የሚጠፉት።

ችግሩ በጣም መመሳሰላቸው ነው። ለአሥርት ዓመታት አንዱ ባለሙያ ኤርላንገሪ ያለውን ሌላው ኖይማኒ ይለዋል። ዲኤንኤ መጥቶ ከሁለት የሚበልጡ ብዙ ዝርያዎች እንዳሉ ሲያሳይ ደግሞ ባሰ። ዝርያዎቹ ታወቁ፣ ግን የድሮው ስም የየትኛው ነው? መልሱ ያለው በመቶ ዓመቶቹ ጠርሙሶች ውስጥ ብቻ ነው። ያረጀ ናሙና ዲኤንኤው የተሰባበረ ስለሆነ በድሮ ዘዴ አይነበብም ነበር። በኋላ ግን ቁርጥራጩን አንብቦ የሚገጣጥም መሣሪያ መጣ። በ2021 አንድ ቡድን የስም ምስክር ከሆኑት የድሮ ናሙናዎች ዲኤንኤ አውጥቶ አነበበ። ሁለቱ ስሞች በጽሑፎች ውስጥ ሲምታቱ እንደኖሩ ተረጋገጠ። ናና የምትባለው ትንሿ እንቁራሪት የአርሲ ደጋ ብቻ እንደሆነች፣ የባሌዋ ደግሞ በዚያው ዓመት ሮቤንሲስ የተባለችው ሌላ ዝርያ እንደሆነች ተለየ።

አንድ ሌላ ነገርም ወጣ። በ1994 አንድ እንቁራሪት ለላርገን ክብር ላርገኒ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ዲኤንኤው ሲታይ ላርገኒ የተባለው ያው የድሮው ኤርላንገሪ ሆኖ ተገኘ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፦ የቀደመው ስም ይጸናል። ስለዚህ ላርገኒ የሚለው ስም ከመዝገብ ወደቀ። መዝገቡን ሲያጠራ የኖረ ሰው ስሙ በመዝገብ ማጥራት ወደቀ። ሳነበው ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ግን በ1978 ማልኮልሚ ተብሎ በስሙ የተሰየመ የባሌ ጉርጥ አለ፣ እሱ እንዳለ ነው። ይህ ጉርጥ ግልገሎቹ እንደሌላው ኩሬ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ የሚያድጉ ነው። ለአንድ ሰው መታሰቢያ ይበቃል።

የባሌን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ጠርሙስ ስም ከማውጣት ሌላ ምን ይሠራል የሚለውንም ልጨምር። ላርገን በ1989 ከሮበርት ድሩስ ጋር ባሌብሬቪሴፕስ የምትባለውን፣ በ1991 ደግሞ ኤሪካባትራኩስ የምትባለውን እንቁራሪት ሰየመ። ኤሪካ ማለት አስታ ነው፣ የአስታ እንቁራሪት እንደማለት። ሁለቱም የራሳቸው ወገን ናቸው፣ በዓለም ላይ ከባሌ ሌላ የሉም። በኋላ ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ወደ ድሮዎቹ ቦታዎች ተመልሰው ፈለጉ። አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት ያገኛል ብለው ቆጥረው፣ ካለፉት አሥርት ዓመታት ጋር አወዳደሩ። በ2013 የታተመው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ቁጥራቸው ወርዷል። በኦስጉድ ስም የተጠራው ጉርጥ፣ በቺካጎው ጉዞ ተሰብስቦ በ1932 የተሰየመው፣ በዚያ ጥናት መሠረት ከ2003 ወዲህ አልታየም። ድሮ የት እንደነበሩ በወረቀት ባይጻፍ ኖሮ፣ መጥፋታቸውን ማን ያውቅ ነበር?

ጠርሙስ ግን ዘላለማዊ አይደለም። አልኮል ይተናል፣ ክዳን ይላላል፣ ሰው ይረሳል። ከሁሉ የከፋው እሳት ነው። በግንቦት 2010 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የቡታንታን ተቋም የእባብ ስብስብ ተቃጠለ። ከ70 ሺህ በላይ እባቦች አንድ ማለዳ ላይ አመድ ሆኑ። የመቶ ዓመት ልፋት ነበር። አልኮል የሞላው ክፍል ሲቃጠል የሚቆም አይደለም። እኔ እንግዲህ ስለ ናሙናዎቻችን ሳስብ ሁለት ሐሳብ ይጋጭብኛል። አንደኛው፣ የእኛ ሀብት ነው፣ በእጃችን ይሁን የሚለው ነው። ሌላው፣ አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን አንድ ክብሪት ይበቃዋል የሚለው ነው። አሁን የደረስኩበት እንዲህ ነው፦ አዲስ የሚሰበሰበው ዋናው እዚህ ይቅር፣ የስም ምስክሩም እዚህ ይሁን፣ የተወሰነው ደግሞ ሌላ አገር ይኑር። የድሮው ስብስብ ፎቶው፣ የወረቀቱ ጽሑፍና የመዝገቡ ቅጂ ሳይሸራረፍ ይምጣልን። ዛሬ ብዙ ሙዚየሞች መዝገባቸውን በኢንተርኔት ከፍተዋል፣ ጅማ ያለ ተማሪ በስልኩ ለንደን ያለውን ቁጥር ሊያይ ይችላል። ለእኔ ግን ቁጥር ማየትና ጠርሙስ ከፍቶ ቅርፊት መቁጠር አንድ አይደለም።

ሕጉ አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የአገሪቱን ጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። የሚሰበሰብበት ቤትም አለን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ያለው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም። የሚያስፈልገው የየዕለቱ ሥራ ነው። አልኮሉን የሚሞላ፣ ክዳኑን የሚያጠብቅ፣ የደበዘዘውን ወረቀት ሳይጥል አዲስ ጽፎ ከአሮጌው ጋር የሚያስቀምጥ ሰው። አሮጌዋን ወረቀት መጣል ክልክል ነው። ብትበላም ብትደበዝዝም ከእንስሳው ጋር ትኖራለች።

የባሌዋ እፉኝት ስሟ በታተመበት ቀን በእርግጠኝነት የሚታወቁት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዷ በአልኮል ውስጥ፣ አንዱ በፎቶ። ስንት ልጅ ትወልዳለች፣ ምን ትበላለች፣ ከሐረና ሌላ የት አለች፣ ይህን ሁለት እንስሳ አይመልስም። ስለዚህ ከሪራ በታች ባለው መንገድ የምትሄዱ ሰዎች፣ ቡና ለቃሚዎችም ሹፌሮችም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወፍራም እፉኝት ካያችሁ አትቅረቡት፣ መርዙ ቀልድ አያውቅም። ከርቀት በስልካችሁ አንሱት፣ በተለይ ራሱን ከላይ። መኪና የገደለው ከሆነም ያው ነው፣ በእጅ አይነካም፣ የሞተ የሚመስል እባብም ይነድፋል። ቀኑንና ቦታውን ጻፉና ለፓርኩ ሰዎች ወይም ለዩኒቨርሲቲው አድርሱ። ፎቶውን የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ጀርባ ነው፦ ቢራቢሮ ነው፣ ወይስ ቀጭን መስመር?